የአራተኛ «ለ» ተመልካቾች

መምህርት አስካለ የአራት ደቂቃ ቪዲዮዋ ቴሌግራም ላይ በወጣ ማግስት ክፍሏን ስትከፍት፣ ቪዲዮውን ያዩት ሠላሳ ሰባት መምህራን የኋላ ዴስኮች ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሁሉም የክፍል ምልከታ ቅጽ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን ስንት ሰው እንዳየው ተመለከተች። ሠላሳ ሰባት ይላል። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ።

ክፋት አስባ አልነበረም ያወጣችው። በሙያ ማሻሻያ ፋይሏ ውስጥ «ለባልደረቦች ያካፈልኩት ልምድ» የሚለው ገጽ ባዶ ስለሆነ፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ደምሰው በየስብሰባው ስሟን ያነሱባታል። ቢመርራት ጊዜ፣ ልጆቹን በጭብጨባ ማንበብ የምታለማምድበትን ዘዴ በስልኳ ቀርጻ ለመምህራን ቻናል አድሚን ላከች። በቃ፣ ያደረገችው ይኸው ነው። ለአንዲት ባዶ ገጽ ብሎ ይህን ሁሉ ጉድ ማን ይጠረጥራል?

«ከየት ነው የመጡት?» ብላ በር አጠገብ የተቀመጠውን ባለ ኮት ጠየቀችው።

«ከጅማ።»

«መቼ ተነሱ?»

«እኔማ አልተነሳሁም። ቪዲዮውን አየሁት፤ እዚህ ነኝ» አላት። ሰዓቱን ተመለከተና፣ «ሊጀምሩ ነው ወይስ ዘግይታለች ብዬ ልጻፍ?»

እኔ ብሆን በሩን መልሼ ዘግቼ ቤቴ እገባ ነበር። አስካለ ግን አስተማሪ ናትና ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፈች፣ ርዕሱን ጻፈች። አርባ ሁለቱ ተማሪዎቿ የፊት ዴስኮች ላይ አምስት አምስት ሆነው ተጣበው ተማሩ።

እሷን ያስጨነቃት ዘይነባ ነበረች። ዘይነባ አራተኛ ክፍል የደረሰችው ፊደል ሳትለይ ነው። አባቷ አቶ ይመር፣ «አራት ዓመት ተቀምጣ ስሟን ካላነበበች ከእንግዲህ ቤት ትዋል» ብለው ቆርጠው ነበር። አስካለ እግራቸው ላይ ወድቃ አንድ ዕድል ለመነቻቸው። ዓርብ መጥተው ልጃቸው አንድ ሙሉ ገጽ ስታነብ ሊሰሙ፣ ካነበበች ልትቀጥል፣ ካላነበበች ልትቀር ተስማሙ። ልጅቷ ገጹን እየለመደችው ነው። የቀራት ሦስት መስመር ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ተመልካቾቹ መቶ አሥራ ሁለት ሆኑ። ከልጆቹ ግማሹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ከአርባ ምንጭ የመጡ አንዲት ሽበታም መምህርት ዘይነባን «ትንሽ ጠጋ በይልኝ የኔ ልጅ» ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። አስካለ ለዕረፍት ሲደወል ወደ ቢሮ ሮጠች።

«አቶ ደምሰው፣ ልጆቼ መቀመጫ አጡ!»

«ስንት መጡልሽ?»

«መቶ አሥራ ሁለት።»

«እሰይ! በወረዳው እንዲህ ያለ ተሰምቶም አያውቅ።»

«ያስወጡልኝ እባክዎ።»

«ተመልካች ይባረራል እንዴ? መመሪያው አይፈቅድም። ልጆቹን ደጅ አድርጊያቸው፤ በመስኮት ይከታተሉ።»

«ዘይነባስ? ዓርብ አባቷ ይመጣሉ እኮ!»

«ተይ እንጂ አስኩ፤ ዓርብ ገና ነው» አሉና ፋይሏን ከመደርደሪያው አወረዱ። ባዶ የነበረው ገጽ ግጥም ብሎ ተሞልቷል። የእጅ ጽሑፉ የማንም አልነበረም።

ለአድሚኑ፣ «በፈጠረህ ቪዲዮውን አጥፋልኝ» ብላ ጻፈችለት። «ጠፍቷል፣ ግን ብዙ ሰው ፎርዋርድ አድርጎታል። እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ የሚያጨበጭብ ስቲከር ላከላት።

ረቡዕ ሁለት መቶ ስልሳ ሆኑ። ዴስኮቹ ሞልተው በየመተላለፊያው መሬት ላይ ተደረደሩ። አስካለ ጠመኔውን አስቀምጣ፣ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ስለ ልጆቹ ብላችሁ ውጡልኝ!» ብላ ለመነቻቸው። ድምጿ ተቆራረጠ፣ እንባዋም መጣ። አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። አጎንብሳ የአንዱን ቅጽ ብታይ፣ «ስሜቷን ትገልጻለች፤ ጠንካራ ጎን» ይላል።

ሐሙስ ልጆቹ በሙሉ ደጅ ነበሩ። መጨረሻ የወጣችው ዘይነባ ናት። ማንም ገፍቶ አላስወጣትም። የአርባ ምንጯ ሴትዮ ከዴስኩ መሐል ሲሆኑ እሷ ጫፍ ላይ ቀረች፤ ከዚያ ጫፉም አለቀባት። መጽሐፏን አቅፋ ወጣች።

ዓርብ አቶ ይመር ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። ከዚያ ማለፍ አይቻልም ነበር። አስካለ የስም መቆጣጠሪያውን ከፈተች። ልጅቷን በስሟ ብትጠራት መንገድ ይለቁላት ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋለች።

«ዘይነባ ይመር!»

«አቤት» አሉ የአርባ ምንጯ ሽበታም መምህርት።

ተነሱ። መነጽራቸውን አስተካክለው ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ሦስቱን መስመር ጨምሮ፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ አነበቡት። የተመልካቾቹ እስክሪብቶ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ማሻ አላህ!» አሉ አቶ ይመር። ፊታቸው በራ። «ነይ ልጄ፣ ቤት ሄደን ለእናትሽ እንንገራት።»

«አቶ ይመር! እሷ አይደለችም!» ብላ ጮኸች አስካለ። «እኚህ ሴትዮ እናትዎ ይሆናሉ እንጂ ልጅዎ ይሆናሉ? ዘይነባ ውጭ ናት!»

«ምነው መምህርት፣ በጆሮዬ ሰማኋት እኮ» አሉ በትሕትና። «ውለታሽን አልረሳም።» ሴትዮዋም በሰው ትከሻ ላይ እየተራመዱ ወጡና እጃቸውን ሰጧቸው።

አስካለ ልትከተላቸው ሞከረች፤ እግሯን የምታሳርፍበት አጣች። ወደ መስኮቱ ዞረች። ዘይነባ ከውጭ ቆማ መጽሐፏን ገልጣለች። ጣቷን ከመስመር መስመር እያወረደች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች እያነበበች ነው። አባቷ ሴትዮዋን እንደ ሕፃን በእጃቸው ይዘው ከጀርባዋ አለፉ፤ ዞርም አላሉ። ልጅቷ ጨርሳ ቀና አለች፣ አርባ አንዱ ልጆች ከበዋት አጨበጨቡ። የዚያ ክፍል መስኮት መስታወት ኖሮት አያውቅም። ቢሆንም አንዲትም የጭብጨባ ድምፅ ወደ ውስጥ አልገባችም።