ገና ነው ያልኩት ቅጠል

እናቴ ከቤት ለሚወጣ ልጇ ሁሉ አንድ የአልጋ ልብስ በእጇ ሰማያዊ ነክራ ትሰጣለች። ቀለሙን ከሱቅ አትገዛም። በረንዳችን ላይ በአሮጌ ባልዲዎች ኢንዲጎ የሚባለውን ተክል ታበቅላለች፤ ሰማያዊው የሚወጣው ከቅጠሉ ነው። የዓመቱ ቅጠል ለአንድ የአልጋ ልብስ ብቻ ይበቃል። ወንድሜና እህቴ ድርሻቸውን ይዘው ወጥተዋል። እኔም ከምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት አጠገብ ክፍል አግኝቼ ስለነበር ዘንድሮ ተራው የእኔ ነበር።

ቅጠሉ ሳይደርስ እሷ ሆስፒታል ገባች። ሳንባዋን ነው የታመመችው።

ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ገና ሳልቀመጥ ትጠይቀኛለች።

"ቅጠሉን በጣትህ አሸኸው?"

"አሸሁት።"

"ጣትህ ሰማያዊ ሆነ?"

"ገና ነው እማዬ።"

ውሸቴን ነው። ሰማያዊ የሆነውን ጣቴን ኪሴ ውስጥ ደብቄ ነው የምመልስላት።

"ሲደርስ እኔን አትጠብቅ። እጨደውና ዘፍዝፈው። አበባ ካወጣ ቀለሙ ይሸሻል።"

"እሺ።"

አላጨድኩትም። ማጨድ አትመለስም ብሎ ቁርጡን እንደማወቅ ሆነብኝ። ደግሞ እኔ የፈለግኩት በእሷ እጅ የተነከረውን ነው። ገና ነው ካልኳት፣ ለእሱ ስትል የምትቆይ መሰለኝ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ልብስ ሰፊ። ድምፄ ስለማይሰማ "ሹክሹክታ" ትለኛለች። አንድ ቅዳሜ መጥታ በረንዳው ላይ እንደወጣች ጮኸች።

"አንተ ሹክሹክታ! ይሄ እንቡጥ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ራሱን ነክሮ፣ ታጥፎ እንዲመጣልህ ነው?"

"እማዬ ስትመጣ..."

መቀስ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠች። "አንጀቴን አትብላው" ብላኝ ሄደች።

መቀሱን መሳቢያው ውስጥ መለስኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ እናቴን ወደ ቤት ላካት። ድና አይደለም። እኔና አክስቴ ግራና ቀኝ ደግፈን ደረጃውን አወጣናት። በሩ ሲከፈት አልጋዋን አላየችውም፤ በእጇ በረንዳውን አመለከተች።

አበባው ረግፎ ተክሉ ዘር ቋጥሯል። አንድ ቅጠል በጥሳ በጣቶቿ መሃል አሸችና ጠበቀች። ጣቷ እንደነበረ ቀረ።

"ትናንትም ገና ነው ብለኸኛል።"

ዓይኔን ወደ ባልዲዎቹ መለስኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትዋሸኝ?"

"ወር አልፎኛል።"

"እኔ እዚያ ተኝቼ የማስበው እኮ ይሄንን ነበር! ያንተን አይቼ ልሄድ ነበር!" ሳሉ አቋረጣት።

አክስቴ ጀርባዋን እያሻሸች፣ "እታለም፣ ተይው፤ ላንቺ ብሎ ነው" አለቻት።

"ለእኔ? ለራሱ ነው።"

እውነቷን ነው።

ያን ዕለት አጨድኩት። እሷ ከአልጋዋ ሆና እያዘዘችኝ በርሜል ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ ቅጠሉን አውጥቼ፣ ኖራ ጨምሬ ውሃውን በዱላ መታሁት። በደህናው ዓመት ከሥሩ አንድ ኩባያ ሰማያዊ ዝቃጭ ይቀር ነበር። አሁን ማንኪያም አልሞላ። ያችኑ በለብታ ውሃና በፉርሽካ ቀናት አቆይተን ለመንከሪያ አደረስናት።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ ድስቱን አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩላት። እጇን ከነአንጓዋ ከትታ ጨርቁን ነከረች። ከድስቱ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣው ጨርቅ ነፋስ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ መዞር ነበረበት። ግን የሰማያዊ ልብስ እጣቢ መሰለ።

"ድገመው" አለችኝ። አራት ጊዜ ደገምነው። ከዚያ በኋላ ድስቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰማያዊ የነበረው ጥፍሯ ሆስፒታል ውስጥ ነጥቶ ነበር። አሁን ተመልሶ ሰማያዊ ሆኗል። ደስ አለኝ። "አክስቴ፣ ነይ እይ! ቀለሙ ጥፍሯን ይዞታል!" ብዬ ተጣራሁ።

አክስቴ መጥታ ጥፍሯን፣ ከዚያ ከንፈሯን አየች።

"ይሄ ቀለም አይደለም ልጄ" አለችኝ። "ትንፋሽ አጥሯት ነው።"

ሳይመሽ ሞተች።

የአልጋ ልብሱ አሁን በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ነው። የሚያየው ሁሉ፣ "ፀሐይ መቶት ነው የለቀቀው?" ብሎ ይጠይቀኛል።

አዎ እላለሁ።