የእትዬ የማርያምወርቅ የጾም ሳንዱች

አካሉ ሠላሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ዘወር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመታወቂያ መስጫ መስኮት ኋላ ተቀምጦ ኖረ። ሰው ጎንበስ ብሎ «ወንድም፣ ሲስተም አለ?» ይለዋል፤ «የለም» ይላል፤ ሰውየው እየተራገመ ይሄዳል። በቃ፣ ኑሮው ይኸው ነበር። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፤ ከታናሽ እህቱ ከትሕትና ጋር ቀበና ወንዝ ዳር ባለችው የእናታቸው ቤት ይኖራል።

አንድ ነገር ግን እግዜር ሰጥቶታል፤ ምላስ። ለወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ለወሬስ ዱዳ ነው ማለት ይቀላል። ለምግብ ነው እንጂ። ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደተጠበሰበት፣ ሽንኩርቱ የትናንት ይሁን የዛሬ በአንድ ጉርሻ ይነግራችኋል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ደግሞ ትኩስ ሳንዱች ነው። አምና አንድ ቀን፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ የእንቁላል ሳንዱቹን እየገመጠ የልቡን ተናገረ። «እንቁላሉ ጥሩ ነው። ዳቦው ግን የትናንት ነው። የትናንት ዳቦ አሙቀህ ትኩስ ነው አትበለኝ፣ ጌታዬ!» አለ። ቲክቶክ ላይ ለቀቀውና ወደ ሥራው ተመለሰ። በማግስቱ ሲከፍተው አርባ ሺህ ሰው አይቶታል።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው! ቀበና ድልድይ አጠገብ ያለውን ቤት «ሳንዱች አዘዝኩ እንጂ ዘይት መቼ አዘዝኩ?» ብሎ አዋረደው። ወሰን ሰፈር ጋራዦቹ መሀል ያለችውን፣ መካኒኮች ቆመው የሚበሉባትን ጠባብ ቤት ደግሞ አመሰገናት፤ በማግስቱ ሰው እስከ አስፋልቱ ተሰልፎ ዋለ። ሲጨርስ ሁልጊዜ በጣቱ ወደ ምላሱ እያመለከተ «ይቺ አትዋሽም» ይላል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «አንተማ አትከፍልም» ይለው ጀመር። በመስኮቱ የሚመጡት ሰዎችም ሲስተም የለም ሲባሉ መራገሙን ትተው «ውይ፣ አትዋሽም አንተ ነህ እንዴ?» እያሉ አብረውት ፎቶ ይነሣሉ። ደስ አለው። ማን ደስ አይለውም?

ሁዳዴ ገባ። አካሉ ጾመኛ ነው፤ በጾሙ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ እንቁላሉንና ሥጋውን ትቶ የጾም ሳንዱች ፍለጋ የካን ያካልል ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የካ ሚካኤል ዳገቱን ወጥቶ እትዬ የማርያምወርቅ ቤት ደረሰ።

እትዬ የማርያምወርቅን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ከእድሩ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ የድንች ሳንዱች እየሸጡ ሦስት ልጅ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ድንቹን ቀቅለው ይፈጩታል፤ በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ያቁላሉታል፤ ዳቦው መሀል ከትተው በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ከላይ ክዳን ጭነው ቅርፊቱ እስኪንኮሻኮሽ ይጠብሱታል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ገብተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ያልቀመሱ አሮጊቶች፣ ቅዳሴው ሲወጣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ የሚበሉት ከሳቸው እጅ ነው። «የማርያምወርቅ ጋ ዐይንህን ጨፍነህ ብላ» ይባላል።

አካሉ ስልኩን አቆመ፤ ገመጠ፤ አኘከ። ፊቱ ተለወጠ። ደግሞ ገመጠ። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፤ ያ የሚያውቀው የተነጠረ ቅቤ ሽታ አፍንጫው ድረስ ወጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንች ነዋ ልጄ። አልጣፈጠህም?» አሉ ከምጣዱ ሳይዞሩ።

ምን ነበረበት ደግሞ ቢጠይቅ? ምን ነበረበት ጓዳ ገብቶ ዕቃውን ቢያይ? ወይ ችኮላ! አካሉ ግን ደሙ ፈላ። አሥራ ስምንት ቀን የጾመውን ጾም ያስገደፉት መሰለው። ወደ ስልኩ ዞረና «ወገን፣ ቅቤ ነው! በሁዳዴ፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ቅቤ እያበሉን ነው! ይቺ አትዋሽም!» አለ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ ለቀቀው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ አበው፤ ያውም ስልክ ሳይኖር። ቪዲዮው በሁለት ቀን ውስጥ ያልገባበት ቤት የለም። አንዲት አሮጊት ከእትዬ የማርያምወርቅ ደጃፍ ቆመው «ምን በደልኩሽ? ምን አድርጌሽ ነው ነፍሴን የምታበላሺያት?» ብለው አለቀሱ። ሌላዋ ንስሐ አባታቸው ጋ ሄደው በዚያ ጉልበታቸው የሳምንት ስግደት ተቀበሉ። የሚበላ ጠፋ፤ ቆሞ የሚያይ በዛ። ጎረምሶች ስልክ እየደገኑ «ቅቤዋ እማማ!» እያሉ ይስቃሉ። እትዬ የማርያምወርቅ «ኧረ በሚካኤል፣ የጾም ቅቤ ነው» ቢሉ፣ ቢምሉ፣ ሰሚ አላገኙም። አካሉም ሰዎች ይህንኑ ሲነግሩት «ጾምና ቅቤን ምን አገናኛቸው!» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ሳምንት አልሞላም። ትሕትና ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት መጥታ ሽሮ ሠርታ አቀረበች። አካሉ አንዴ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ።

«ቅቤ ጨምረሽበታል!»

ትሕትና በሳቅ ፈረሰች። «አይ አንተ! የጾም ቅቤ ነው እባክህ። አብራኝ የምታስተምር ልጅ ናት የሰጠችኝ። ከሱቅ የአትክልት ቅባት ይገዙና ልክ እንደ ቅቤው በኮሰረቱ በኮረሪማው ያነጥሩታል። ላም የሚባል አልነካውም።» ዕቃውን አምጥታ ክዳኑን ከፍታ አፍንጫው ሥር አደረገችለት።

ሽታው ያው ነበር። ቅንጣት ያህል ለውጥ የለውም። አሁን ልብ ሲል ግን ከጉርሻው ላንቃው ላይ ሰም ሰም የሚል ነገር ቀርቷል። ትሕትና ፊቱን አይታ ሳቋን አቆመች።

«አካሉ... እትዬ የማርያምወርቅ የሚሉት ይሄንኑ አይደል እንዴ?»

አካሉ የዕቃውን ክዳን መልሶ ገጠመው።

«አንተ፣ አናግረኝ እንጂ! እኚያን ምስኪን ሴትዮ ምን አደረግሃቸው? ነገ ሄደህ እግራቸው ላይ ትወድቃለህ። በዚያው ስልክህ ደግሞ ተሳስቼ ነው ትላለህ።»

«እላለሁ» አለ። ሲል ደግሞ ከልቡ ነበር። ስልኩን ሦስት ጊዜ አቁሞ «ወገን፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ ጀመረ። መልሶ ሲሰማው የመስኮቱ ሰውዬ ድምፅ ይሆንበታል፤ ያ «የለም» ሲል የኖረው። ያጠፋዋል። ነገ፣ ነገ ሲል አራት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን እድሩ አስጠራው። ሽማግሌ ይሰብሰብልኝ ያሉት እትዬ የማርያምወርቅ ራሳቸው ናቸው። ክፍሏ የእድሩ ናትና «አስወጧት» የሚል ሰው ስለበዛ፣ «በፊታችሁ ልጥበሰውና ፍረዱኝ» ብለው ለመኑ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የእድሩ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። የእድሩ ዳኛ አቶ አምባዬ መሀል ተቀምጠዋል፤ በቀኛቸው የብዙዎቹ ንስሐ አባት ቄስ ወልደሰንበት። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ የከሰሉን አመድ እያነሣ ሰው ላይ ይበትናል።

እትዬ የማርያምወርቅ የቅባቱን ካርቶን አሳዩ፤ ያነጠሩበትን ዕቃ ከፍተው አዞሩ፤ ምጣዱን ከሰሉ ላይ ጥደው አንድ ሳንዱች ጠበሱ።

«ካርቶኑን አየን» አሉ አቶ አምባዬ። «ካርቶን ውስጥ ግን ሰው የፈለገውን ይከታል፣ የማርያምወርቅ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቅቤ እንጂ የጾም ቅቤ ሲባል አልሰማሁም። ሽታው ይኸው የቅቤ ነው።»

«እንግዲያው ቅመሱት!»

ነገሩ የተቆለፈው እዚህ ላይ ነው። ማን ይቅመሰው? ቅቤ ካልሆነ ደግ፤ ቅቤ ቢሆንስ? ቄስ ወልደሰንበት እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የእትዬ የማርያምወርቅ የግድግዳ ጎረቤት አትክልት ሻጯ ዙሌካ «እኔ አለሁ አይደል!» ብላ ብድግ ካለች በኋላ መልሳ ተቀመጠች፤ ረመዳን ነው። «ጀንበር ትጥለቅና እቀምሰዋለሁ» አለች። አቶ አምባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የወዳጅ ምስክርነት አንቀበልም አሉ።

«አንድ ሰው አለ» አሉ ቀጥለው። «አንዴ የቀመሰ ነው። ምላሱንም አገር ያውቀዋል። ና አካሉ ልጄ፣ ና እዚህ።» ከወንበራቸው ተነሡለት። አቶ አምባዬ ለማንም አይነሡም። አምና መታወቂያ ሊያሳድሱ በመስኮቱ ሲመጡ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም ነበር። አሁን ግን ክንዱን ይዘው በገዛ ወንበራቸው አስቀመጡት።

«ለፍርድ ስለሆነ አይዞህ» አሉ ቄስ ወልደሰንበት። «ቅቤም ቢሆን ቀኖናውን እኔ አቀልልሃለሁ።»

እትዬ የማርያምወርቅ ሳንዱቹን ለሁለት ቆረሱት። ግማሹን በሳህን አድርገው ለአካሉ ሰጡት፤ ግማሹ በሌላ ሳህን እሳቸው ጋ ቀረ።

«ልጄ» አሉት ዝግ ብለው፣ «ያን ቀን ልብ ብዬ ብሰማህ ኖሮ እነግርህ ነበር። አልተቀየምኩህም። አሁን ረጋ ብለህ ቅመስና ያገኘኸውን ተናገር። ሌላ አልልህም።»

ገመጠ። ትኩስ ነው። ዳቦው ጥርሱ ሥር ተንኮሻኮሸ፤ ድንቹ ለስልሷል፤ ቃሪያው ልኩን ይዟል። እውነቱን ለመናገር በየካ ምድር እንዲህ ያለ ሳንዱች ቀምሶ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሲውጠው ላንቃው ላይ የሚቀረው ያ ሰም ሰም የሚል ነገር፣ በትሕትና ሽሮ ላይ ያገኘው፣ ይኸው አለ። ቅቤ እንዲህ አይልም። የመጀመሪያው ቀን በንዴት አልፎት እንጂ ያኔም ነበረ።

አፉን ከፈተ። ዙሪያውን ሃያ ስልክ ተደግኗል። «ተሳስቼ ነበር» ማለት ስንት ቃል ነው? ሁለት። ግን ከነገ ጀምሮ ታክሲ ውስጥ የሚሉት ታየው፤ የሚስቁት ሳቅ ተሰማው፤ መስኮቱ ኋላ ተመልሶ ዕድሜውን ሲጨርስ ራሱን አየ። ሴትዮዋ እኮ ልጆቻቸው ደርሰውላቸዋል፣ ሌላ ቤት ይከራያሉ፣ ፋሲካ ሲመጣ ሁሉም ይረሳዋል፤ እንዲህ እያለ ራሱን ደለለ። ሰው ሊክድ ሲነሣ መቼ ምክንያት ያጣል።

«ቅቤ ነው» አለ።

ግቢው አጉረመረመ። አቶ አምባዬ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ሰምታችኋል። የማርያምወርቅ፣ ክፍሉን እስከ እሑድ ልቀቂ። ከእድሩ ወጥ ቤትም እጅሽን አንሺ፤ ከእንግዲህ ለሐዘንተኛ አትቀቅይም።»

እትዬ የማርያምወርቅ አልጮሁም፤ አልተሳደቡም። አካሉን ብቻ አዩት። ሲያዩት ገባቸው። እሱም እንደገባቸው አወቀና ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ እሳቸው ጋ የቀረውን ግማሽ ከሳህኑ አነሡ።

«ባሌ የሞተ ዕለት እንኳ ጾሜን አልገደፍኩም» አሉ፤ ድምፃቸው አሁን ነው የተንቀጠቀጠው። «ታውቁኛላችሁ። ይሄ ቅቤ ቢሆን ከንፈሬ ላይ አላደርሰውም። እዩኝ።» አማተቡና ገመጡ።

ጉድ ፈላ! እሳቸው የቀረቻቸውን የመጨረሻ ማስረጃ ማቅረባቸው ነበር። ሰው ያየው ግን ሌላ ነው፤ ቅቤ ነው ከተባለ በኋላ፣ በሁዳዴ፣ በካህን ፊት፣ ዐይኗን በጨው ታጥባ የምትበላ ሴት ነው ያየው። አሮጊቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ቄስ ወልደሰንበት መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተው ጀርባቸውን ሰጡ። «በቃ፣ ራሷ መሰከረች!» አሉ አቶ አምባዬና እየተመናጨቁ ወጡ። ሌሎቹም እየተማተቡ ተከተሏቸው። ዙሌካ እንኳ ምን እንደምትል ጠፍቷት አንገቷን ደፍታ ሄደች።

እትዬ የማርያምወርቅ መብላታቸውን አላቆሙም። እንባቸው አገጫቸው ድረስ ይወርዳል፤ ያኝካሉ፤ ይውጣሉ፤ ደግሞ ይገምጣሉ። እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ በሉት። አካሉ አቶ አምባዬ በሰጡት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። በር ላይ ሁለት ሦስት ሰዎች ስልካቸውን እንደደገኑ አልሄዱም።

እትዬ የማርያምወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጭኑ ላይ ያለውን፣ አንዴ ብቻ የተገመጠውን ሳንዱች አዩ።

«አትጨርሰውም?» አሉት።

አካሉ ሳንዱቹን አየ፤ በር ላይ ያሉትን ስልኮች አየ።

«ጾም ላይ ነኝ፣ እትዬ» አለ።