የእታለማሁ የግብር ወረቀት

የእታለማሁ ሥራ የሰው አባትና እናት መግፋት ነው። አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ፣ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአውሮፕላን የወረዱ አዛውንቶችን በዊልቸር አስቀምጣ ልጆቻቸው እስከሚጠብቁበት በር ታደርሳለች። ልጆቹ ሮጠው ሲያቅፏቸው፣ ተናንቀው ሲላቀሱ፣ እሷም ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። የሷ አባት አቶ ማኑሄ ሰማንያ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አገር ቤት፣ ሞጣ ብቻቸውን ናቸው። በግሪን ካርድ ደግሞ አባት አይመጣም፤ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለባት።

የዜግነት ቃለ መጠይቁ ሲደርስ፣ ፎርሙን የሞላችላት ጎረቤቷ ዊንታ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው አፓርትማቸው ደረጃ ላይ ይዛ መከረቻት።

«ሶ፣ ስለ ዴንቨሩ ሥራ ካልጠየቁሽ እንዳታነሺ፣ ኦኬ? ዝም አይነቅዝም።»

እታለማሁ ዳላስ ከመምጣቷ በፊት ዴንቨር ውስጥ፣ ፈቃድ ባለው የማሪዋና ማሳደጊያ፣ አራት ዓመት ቅጠል ከርክማለች። እዚያ ሕጋዊ ነው፤ በሱቅ ይሸጣል፣ ይቀረጣል፣ ሰው በየቤቱም ጥቂት እግር ቢተክል ማንም አይናገረውም። እሷ እቴ! አንዲት ቅጠል ቤቷ አስገብታ አታውቅም፤ ማጨስ ቀርቶ ሽታው ራሷን ያዞራት ነበር። ዴንቨር ያለችበት የኮሎራዶ ግዛት ፎቶዋ የተለጠፈበት የሥራ ፈቃድ ባጅ ሰጥቷታል፣ ከደመወዟም ግብር ተቆርጧል።

ደግሞም የገበሬ ልጅ ናት። እነሱ ቤት መሬታቸውን ከስንቱ ቀማኛ ያዳነው የግብር ደረሰኝ ነው። አባቷ ደረሰኙን ከዳዊታቸው ጋር ነበር የሚያስቀምጡት፤ «የገበረ ሰው አያፍርም» እያሉ ነው ያሳደጓት።

«መንግሥት ግብሩን ተቀብሎ ሲያበቃ ሥራውን ወንጀል ይላል እንዴ?» አለቻት ዊንታን። ምን ታድርግ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ቃለ መጠይቁን ያደረገላት ኦፊሰር ጨዋ ሰው ነበር። ከጥያቄዎቹ መሃል ግብር ሳትከፍል የቀረችበት ጊዜ እንዳለ ጠየቃት። «የለም» ብላ ብታበቃ ምን ነበረበት! እሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ የአራቱን ዓመት የግብር ወረቀት፣ ባጁን ጭምር፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት። ደስ ብሏት ነበር፣ የኔ ምስኪን። ኦፊሰሩ ባጁን አገላብጦ አየና እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቃት። እንግሊዝኛው ባይሞላላትም በእጇ እያሳየች አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እሱም ጻፈና አስፈረማት።

ደብዳቤው በወሩ መጣ፤ ጠበቃ ዘንድ ይዛው ሄደች። ለኮሎራዶ ሕጋዊ ቢሆንም ለፌዴራሉ መንግሥት አደንዛዥ ዕፅ ነው፣ አንቺም በገዛ አፍሽ አምነሻል አላት ጠበቃው። ዜግነቱ ተከልክሏል። ሥራውን ከለቀቀች አምስት ዓመት እስኪሞላት፣ ገና ሦስት ዓመት መጠበቅ አለባት።

«ደግሞ ከአገር እንዳትወጪ» አላት። «ከወጣሽ መመለስሽን እንጃ።»

ፌዴራሉም ከዚያው ደመወዝ ድርሻውን ቆርጦ ወስዷል እኮ! እሱን መልሱልኝ ቢሉት የሚሰማ የለም። እንግዲህ አባቷ አይመጡም፣ እሷም ሄዳ አታያቸውም።

ጠበቃው ደጅ ፓርክ ያደረገችው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ስታለቅስ ስልኳ ጠራ። አቶ ማኑሄ ናቸው፣ የጎረቤት ስልክ ተውሰው።

«እታለም፣ ወረቀቱ ደረሰ?»

እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ዕፅ ተብሎ ለአባት እንዴት ይነገራል? ሦስት ዓመት ተብሎስ ለሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው? ዕድሜዋን ሙሉ አባቷን ዋሽታ አታውቅም።

«አልፏል አባባ» አለች። «ትንሽ ወረፋ ነው የቀረው። ለፋሲካ ይመጣሉ።»



«እሰይ፣ ተመስገን» አሉ አባቷ። «ሐኪሙ ከገና አያልፉም ብሎኝ ነበር፤ እንዳትደነግጪ ብዬ ደብቄሽ ነው። ለፋሲካ ከሆነማ፣ ልጄ፣ እንደምንም ብዬ እቆይሻለሁ።»