ከወንድሟ ረድፍ ጀመረች

«ምን ይደረግ እንግዲህ፣ የማይቀር ነው» ያለው ጎረቤት ብርጭቆውን መልሶ ሻዩ ላይ ስኳር ይጨመርልኝ ሲል፣ በያጁ ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ሊፈጠፍጠው ምንም አልቀረውም ነበር። አልፈጠፈጠውም። ስኳር ጨመረ፤ ሌላም ጨመረ፤ አማስሎ ሰጠው። ሰውየው ቀመሰና ዓይኑን ጨፍኖ «እጅህ ይባረክ» አለው።

እጅ ሲሉት ነው ይበልጥ የሚብስበት።

እህቱ ከተቀበረች ጀምሮ ሳሎኑ ሰው ጎድሎት አያውቅም። ከየጎረቤቱ የተዋሷቸው ወንበሮች አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ስለሆኑ፣ ለቀስተኛው ደረጃ ላይ የተደረደረ ይመስላል። እናቱ ሶፋው ጥግ ኩርምት ብለዋል። የአጎቱ ሚስት በሹክሹክታ፣ ግን ማዶ ያለው በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ያን ሁሉ ተምራ ብሎን ስትቀጠቅጥ አለቀች፤ ሳታገባ፣ ሳትወልድ» ትላለች። በያጁ በእሷ ተናዷል። በሻዩ ተናዷል። ገብቶ ዝም ብሎ በሚቀመጠውም፣ ገብቶ በሚያወራውም ተናዷል። ከሁሉ ይልቅ ግን የተናደደው በሟቿ ነበር። ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ተኳርፈው ከርመው፣ ራሴን አመመኝ ብላ ከሥራ ወጣች፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች። ጠብ ጀምራ ሳትጨርስ የማትሄድ ልጅ፣ ይሄን አንዱን ጠብ እሱ ላይ ጥላበት ሄደች።

ሁለቱም የሚሠሩት አንድ መርከብ መሥሪያ ውስጥ ነበር። እሱ ራስ የሌለውን ብሎን በብየዳ ሽጉጥ እየደገነ መርከቡ ግድግዳ ላይ ይተክላል። ብሎኑ ዳዶ ይገባበትና መደርደሪያው፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ፣ የእሳት ማጥፊያው ይታሰርበታል። እሷ ኢንጂነር ናት፤ ላብራቶሪ ተቀምጣ ያ ብሎን መቼና ለምን እንደሚሰበር ታጠናለች። ተቀምጣ እንኳ አይባልም፤ መዶሻ ይዛ ከመርከብ መርከብ ስለምትዞር በያጆቹ እትዬ መዶሻ ይሏታል። ብሎኑን በጎኑ ትመታዋለች። ጎብጦ ከቆመ ደግ ነው፤ ከሥሩ ከተነቀለ አልያዘም ማለት ነው። ብቅ ስትል አንዱ «መጣችልህ፣ ጥርስህን ያዝ» ይላል፣ ሳቅ ይሆናል።

ልጅም ሆና እንዲሁ ነበረች። «ጋሼ፣ ይሄ ወንበር ስንት ሰው ይችላል?» ትለዋለች፤ መልሱን ሳትጠብቅ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ጠርታ ትጭንበታለች። ወንበሩ ሲሰበር ሌላው ያለቅሳል፤ እሷ ተንበርክካ የተሰበረበትን ቦታ ታያለች። የሚገረፈው እሱ ነው። ታላቅ ነዋ።

ከሰዓት በኋላ የምርት ኃላፊው መጣ። አፉን በከፈተ ቁጥር «ቀኑ ደረሰ» ስለሚል ሠራተኛው ቀኑደረሰ ብሎታል። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ እናትየውን ጎንበስ ብሎ ሳማቸው፤ ብርቅ ልጅ አጣን አለ። ሻዩን ሳያጋምስ በያጁን ክርኑን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣው።

ነገሩን በሩቁ አዙሮ አዙሮ ነው የመጣበት። የጦር መርከቡን የሚረከቡት የባሕር ኃይል ሰዎች ሰኞ ይመጣሉ። ሟቿ ደግሞ የታችኛውን ወለል ብሎን በሙሉ አልቀበልም እንዳለች ነው ያረፈችው። ቃሏን ለመሻር ምክንያት ይፈለጋል። ምክንያት ደግሞ ሞልቷል፤ ወንድምና እህት እንደተጣሉ ግቢው ሁሉ ያውቃል። በያጁ ሰኞ እሰዎቹ ፊት ቀርቦ «በቂም ነው፣ ከደንቡ በላይ ነበር የምትመታው» ካለ ነገሩ አለቀ።

«የሞተ ሰው እማ ማለቴ አይደለም» አለ ቀኑደረሰ። «ስምህን አስመልስ ነው የምልህ። ያንተን የሚያህል እጅ አጥር ሲበይድ ሳይ እኔንም ያመኛል።»

«አጥር ላይ የጣሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እሷ ናት እንጂ። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ፤ ላብራቶሪው ያለኝን ነው የማደርገው።»

በያጁ አስብበታለሁ አለ። እምቢ አላለም። እንዲያውም ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ሲቀር፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሊሰማው የማይገባ ደስታ ደረቱ ውስጥ ሽው ሲል ተሰማው።

የተጣሉበትን ያን ጠዋት እስኪሞት አይረሳውም። ያ ሁሉ በያጅ ቆሞ ሳለ፣ ከእሱ ረድፍ ጀመረች። ሌላ ጊዜ ከረድፉ አንድ ሁለቱን መታ አድርጋ ታልፋለች፤ ያን ዕለት አንድም ሳታስቀር ሁሉንም መታቻቸው። የመጀመሪያው ተነቀለ። ቀጣዩም ተነቀለ። ብሎኖቹ ላሜራው ላይ እየተንከባለሉ ሲንጫጩ ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር። ሽጉጥ ከያዘ ጀምሮ ብሎን ወድቆበት የማያውቅ ሰው ነው። እሷ ቀና ስትል ፊቷ በርቷል፤ የፈለገችውን ያገኘች ሰው ፊት ነበር። «አየህ ጋሼ?» አለችው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ጭምብሉን ወርውሮ ወጣ። ወዲያው ወደ አጥር ተዛወረ። እቤቱ ድረስ መጥታ በር ስታንኳኳ ደግሞ ሬዲዮኑን ጎረቤት እስኪጮህበት ድረስ ከፈተው። ደጋግማ መጣች። ደጋግሞ ከፈተው።

ቀኑደረሰ በመጣ ማግስት ሻይ እያደለ ሰኞ የሚናገረውን ልቡ ውስጥ ይደረድር ጀመር። ከደንቡ በላይ ነበር የምትመታው። ቂመኛ ነበረች። ነገሩ ጥሩ አድርጎ እየተያያዘለት ሳለ፣ የአሸዋው ጆንያ መጥቶ ያበላሽበታል።

ከመጣላታቸው በፊት ነው፣ አንድ ቀን ላብራቶሪ ወስዳ አሳየችው። አንድ ወፍራም ላሜራ አቁመው መደርደሪያ በብሎን አስረውበታል። ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ተቀምጧል። ከላይ ከባድ ብረት ሲለቀቅ ላሜራው ዘለለ፣ ብሎኖቹ ተፈናጠሩ፣ መደርደሪያው ሄዶ ጆንያውን ከወገቡ በላይ ቀደደው። ከመርከቡ ሥር ፈንጂ ሲፈነዳም እንዲሁ ነው አለችው፤ ብዙውን ሰው የሚጨርሰው እሳቱ አይደለም፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ዕቃ ነው። እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር ያየው። ጆንያው የእሱን አሮጌ ሸሚዝ ለብሷል።

«ሌላ ጨርቅ አጣሽ?» አላት።

«አሸዋ መሆኑን እንድረሳ ብዬ ነው» አለች።

ያን ዕለት ስቆ ነበር። አሁን አላሳቀውም። በሟች ሸሚዝ ሰው ያለቅሳል፤ እሷ በቁሙ ሸሚዙን ቀድዳበታለች። እንዲህ እያለ ንዴቱን እንደገና ሲያያይዝ ነው አንዲት ሴትዮ ገብታ፣ ሰው ሁሉ መሃል ቆማ፣ «ጋሼ የሚባለው የቱ ነው?» ያለችው።

የእህቱ የላብራቶሪ ባልደረባ ነበረች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ዓይኗ አብጧል። ኩሽና ወስዶ አስቀመጣት፤ ሳሎን ቦታ አልነበረም። ልታጽናናው መምጣቷን ረስታ ራሷ አለቀሰች፤ ከዚያ ስለ ሟቿ ሳቅ ያለው ነገር ታወራ ጀመር፤ ከዚያ ስለ እሱ።

«እጅህን እኮ ነው የተዋሰችው» አለችው። «አልነገረችህም?»

«ምኑን?»

ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገችና አየችው። የሚያሾፍ መስሏት ነበር።

ነገሩ የቀለበቶቹ ነበር። ሲበየድ የቀለጠው ብረት እንዳይፈስ እያንዳንዱ ብሎን ሥር ትንሽ የሸክላ ቀለበት ይደረጋል። መርከብ መሥሪያው ቀለበቶቹን ካርቶኑን ከፍቶ የሚያስቀምጠው በባሕሩ በኩል ባለው በር ሥር ነው። የጠዋቱን ጉም ይጠጣሉ። ከላይ ሲታዩ ደረቅ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ብየዳው ውስጥ ይገባና ሥሩን እንደ ብስኩት ያደርገዋል። እህቱ ይሄን በላብራቶሪ ደርሳበታለች። ቀለበቶቹ ይነሱ፣ ማድረቂያ ምድጃ ይምጣ አለች። ቀኑደረሰ የበያጆቹ እጅ ነው እንጂ ቀለበት ምን አደረገ አላት።

«እና ከማን ልጀምር አለች» አለች ሴትዮዋ። «የሌላው ሰው ቢነቀል እጁ ነው ይላሉ አለች። የጋሼ ከተነቀለ ግን እጅ ነው የሚል አፍ አይኖርም።»

በያጁ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ማንኪያ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ታዲያ ለምን ቀድማ አልነገረችኝም?»

«ብትነግርህማ ቀለበቱን ብብትህ ውስጥ ይዘህ ታደርቀው ነበራ። ሙከራው ይበላሻል።»

እውነቷን ነው። ያደርቀው ነበር።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ሬዲዮ ከፈትክባት» አለች ሴትዮዋ፣ ያለ ወቀሳ። «አጥር ላይ ጣሉብኝ ብላ ከዚያ ሰውዬ ጋር ያልተጣላችበት ቀን የለም። ያልበላች እንደሆነ፣ በቃ ዛሬም በጋሼ ጉዳይ ተጣልታለች እንላለን።»

አየህ ጋሼ? ፊቷ በርቶ ነበር። ደስታ ነው ያየሁት ብሎ ነበር፤ ደስታም ነበር። አንተ አይደለህም ማለቷ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንተ አይደለህም።

ሴትዮዋን ሸኝቶ ሲመለስ ንዴቱ ይለቀኛል ብሎ ጠበቀ። አለቀቀውም፤ ባሰበት። ሰው እንዲህ ይደረጋል? አንዲት ቃል፣ በበሩ ቀዳዳ አንዲት ቃል ብትጮህ ምን ነበረበት? ጮሃም ይሆናል። ሬዲዮኑ ነበረ። ይሄን እያሰበ ሳሎኑን ሲያቋርጥ የአጎቱን ሚስት እግር ረገጠ፤ ይቅርታም አላለም።

የለቅሶው መጨረሻ ቀን ከሰዓት፣ ሰዎች ወንበራቸውን መውሰድ ሲጀምሩ ቀኑደረሰ ብቅ አለ። በያጁን ወደ ኮሪደሩ ሊስበው ክርኑን ያዘው። በያጁ አልተነቃነቀም።

«እዚሁ ይንገሩኝ» አለው።

ቀኑደረሰ ዙሪያውን አየ። እንግዲህ ነገ ሰኞ አይደል፣ ትመጣለህ ወይ ብዬ ነው አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እመጣለሁ።»

«ጎሽ። እኔም ብዬ ነበር።»

«እመጣና እነግራቸዋለሁ። የኔ እጅ አልሳተም፤ የእህቴም አልሳተም። ቀለበቶቹ ጉም ሲጠጡ የከረሙት እርስዎ ከበሩ አላነሳም ስላሉ ነው እላለሁ። ካላመኑኝ አዲስ ቀለበት ይደርቅልኝና ፊታቸው እተክላለሁ፤ መዶሻ ለራሳቸው እሰጣቸዋለሁ።»

ወንበር ተሸክሞ በር ላይ የደረሰው ጎረቤት እንደተሸከመ ቀረ።

«ሐዘን ላይ ነህ» አለ ቀኑደረሰ። «ሥራህን አስብ። አጥሩም ሊጠፋብህ ይችላል።»

«ይጥፋ። እርስዎ የሰው ልጅ አፈሯ ሳይደርቅ ስሟን ሊሸጡ ቤቷ መጥተው ሻይ ጠጥተዋል። እኔም ቀድቼልዎታለሁ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

እናቱ ከሶፋው ጥግ ቀና አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፃቸው የተሰማው ያኔ ነው።

«ልጄ ምን አደረገች ነው የሚሉት እሳቸው? ለእኔም ይንገሩኝ እስቲ።»

ቀኑደረሰ ኮቱን ቆለፈና፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት ብሎ፣ ወንበር በተሸከመው ሰው ጎን ሾልኮ ወጣ። የአጎቱ ሚስት፣ ይሄን ሁሉ ቀን ሰው ስታማ የከረመችው፣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት አልልም» አለችና አፍንጫዋን ጠራረገች።

እናቱ እጁን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት። እውነት ለእሷ ብለህ ነው ወይስ ለንዴትህ ብለው ጠየቁት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእሳቸው ነው የሚመጣው። አላውቅም እማዬ አላቸው። ቢያውቅ ይነግራቸው ነበር። ነገ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉን እንደሚናገር ያውቃል፤ ለአንዷ ብቻ ግን ምንም ሊናገር እንደማይችል ያውቃል፤ ለዚህም በማን እንደሚናደድ ጠፍቶታል።

ሰው እንዳያየው በጓሮ ዞሮ ወደ እህቱ ክፍል ገባ። ለብቻው ያለ ክፍል ስለሆነ እንግዳ አልረገጠውም። አልጋዋ አልተነጠፈም፤ እንደተነሳችበት ነው። ጥግ ላይ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ አለች። ውሃውን ከፈተ፣ ሳሙናውን አነሳ።

ሳሙናው ላይ አንድ ረጅም ፀጉር ተጣብቆ ደርቋል።

ውሃው እየፈሰሰ ቆሞ አየው። ከዚያ ሳሙናውን ቀስ ብሎ ገለበጠና፣ ፀጉሩን ውሃ እንዳይነካው ወደ ላይ አድርጎ፣ በሌላው ጎኑ ታጠበ።