ይቅርታው እስኪያልቅ

ዱርሲቱ ሰበታ ባለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ማበጠሪያ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች። ማበጠሪያ ማለት ጨርቁን በሽቦ ጥርስ እየቧጨረ ፀጉር የሚያወጣለት ማሽን ነው። ስድስቱ ማሽኖች አብረው ሲነሡ ሰው የገዛ ሳሉን አይሰማም። እዚያ ውስጥ "እባክህ" የሚባል ነገር የለም። "አቁም!" "ሳብ!" "ታጠፈ!" ብቻ ነው። ለራቀ ሰው ደግሞ እጅ አለ፤ የተጨበጠ እጅ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ያየ ሁሉ ሮጦ ያቆማል።

ድምፅዋ በዚህ ተሠራ። ጉልበቷ ግን በዚሁ አለቀ። ሐኪሙ መቆም ቀንሺ ካላት ዓመት አልፎታል።

ዘንድሮ ፋብሪካው ለአዳዲስ ልጃገረዶች አሠልጣኝ ሲፈልግ እሷን ፎቅ አወጧት። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሰሌዳ፣ ከሁሉም በላይ ወንበር። ሁለት ወር ሙከራ ነው፣ ከሆነልሽ ትቀሪያለሽ፣ ካልሆነ ወደ ማሽንሽ ተባለች። ዱርሲቱ ወንበሩ ላይ በተቀመጠች ቁጥር ጉልበቷን በእጇ እየዳበሰች፣ "ከዚህማ አልነሣም" ትላለች።

በሦስተኛው ሳምንት ቢታንያ አስጠራቻት። ቢታንያ የሰው ኃይል ሠራተኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወጥታ ዓለም ገና ቤት የተከራየች፣ ስትናገር ጠጋ ካላሉ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ።

"እትዬ ዱርሲቱ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር፣ ከተመቸዎት..."

"ጠይቂያ!"

ቢታንያ ደንገጥ አለች። "ልጆቹ ቅር ብሏቸዋል። ይቆጡናል ይላሉ።"

"ማን ተቆጣ? 'እጅሽን አንሺ' ነው ያልኳት። እጇ ይቆረጥ?"

"እሱማ ልክ ነዎት። አነጋገሩ ነው እንጂ..."

"ወንዳፍራሽስ? ያ መካኒክ ቀኑን ሙሉ ሲያንባርቅ ይውላል። ማን ቅር አለው?"

ቢታንያ የተስተካከለውን ወረቀት እንደገና አስተካከለች። "እሱ ሲጮኽ ሥራ በዝቶበት ነው ይላሉ። እርስዎ ሲጮኹ..."

"ጠባይ ነው።"

"እንደዚያ ነው የሚሉት። አንድ ቅሬታ ከተጨመረ አቶ ስምዖን ወደ ታች ይመልሱዎታል። እኔ ደግሞ አልፈልግም።"

ዱርሲቱ መልስ አላጣችም። ግን ለመነሣት ስትሞክር ጉልበቷ ጠዘጠዛት። "በይ እሺ፣ እንዴት እንደሚወራ አስተምሪኝ" አለች።

ቢታንያ አስተማረቻት። መጀመሪያ ይቅርታ። ቀጥሎ ጊዜ ካለዎት። ቀጥሎ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል።

"ነገሩስ መቼ ይመጣል?"

"በመጨረሻ።"

ማታ ራት ላይ በባሏ ሞከረችው። "ሁንዴ፣ ይቅርታ፣ ካልተቸገርክ፣ ምናልባት ያንን ጨው ብታቀብለኝ ምን ይመስልሃል?"

ሁንዴ ጉርሻውን አፉ ደጃፍ ላይ አቆመው። "ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?"

"ጨው አምጣ አልኩ!"

"ተመስገን" አለና አቀበላት።

ልጃገረዶቹ ግን ወደዱላት። እትዬ ዱርሲቱ ተለወጡ ተባለ። እሷም የተማረችውን ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ ፊደሉ ቢጣመምም፣ ለእነሱ አስተማረች። ከሁሉም ቶሎ የያዘችው ኡርጂ ናት፤ ከሱሉልታ ገበሬ ቤት የመጣች፣ እጇ ፈጣን፣ ዓይኗ ስል።

በሁለተኛው ወር ልጆቹ ለፈተና ማበጠሪያ ክፍል ወረዱ። ለማጅ የማሽን ቁልፍ አይነካም፤ ችግር ካየ መካኒኩን ይጠራል። ደንቡ ነው።

አራተኛው ማሽን ላይ የጨርቁ ጠርዝ ታጠፈ። የታጠፈ ጨርቅ ሽቦው ውስጥ ከገባ ይበጣጠሳል። ከሁሉ በፊት ያየችው ኡርጂ ናት። ሮጣ ወንዳፍራሽ ፊት ቆመችና እጇን አጣምራ፣ "ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ ይቅርታ፣ ጊዜ ካለዎት፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል..." አለች።

"ምን?" አለ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

ኡርጂ ከይቅርታው ጀመረች።

"ኧረ አልሰማሁሽም!"

ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁንም ከይቅርታው። ዱርሲቱ በዚያ ጉልበቷ ደረጃውን ወርዳ በሩ ላይ ስትደርስ የሚሆነውን አየች። እጇን ጨብጣ ወደ ላይ አነሣች። ወንዳፍራሽ ከዚያ ማዶ እጇን አይቶ ዘለለና ማሽኑን አቆመው። አርባ ሜትር ጨርቅ ግን ተቀዷል።

"የሷን ሰላምታ ስጠብቅ ነው!" አለ ወንዳፍራሽ። ኡርጂ አለቀሰች።

በማግሥቱ ስምዖን ቢሮ ተጠሩ። ስምዖን የምርት ኃላፊ ነው፤ ጠረጴዛ ከማግኘቱ በፊት እሱም ማበጠሪያ ላይ አሥር ዓመት የቆመ።

"ልጅቷን እንዲህ ተናገሪ ብሎ ያስተማራት ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ዱርሲቱ። የቢታንያን ስም አላነሣችም። ቢታንያ ከጎኗ ተቀምጣለች።

"እንግዲያው ምን ይወራል? ሰኞ ወደ ማሽንሽ..."

"ይቅርታ አቶ ስምዖን፣ ምናልባት..." አለች ቢታንያ።

"ቆይ ቢታንያ። ሰኞ ወደ ማሽንሽ ትመለሻለሽ። ሥልጠናውን ደግሞ..."

"ይቅርታ፣ ጊዜ ካለዎት እኔ..."

"ቆይ አልኩ እኮ። ሥልጠናውን ወንዳፍራሽ ደርቦ ይይዛል፤ የጨርቁንም ነገር..."

"ይቅርታ፣ ተሳስቼ ካልሆነ..."

ሦስት፣ አለች ዱርሲቱ በሆዷ። እንደ ኡርጂ ሦስት። እጇን ጨበጠችና ወደ ላይ አነሣችው።

ስምዖን አፉ ተከፍቶ ቀረ። ማን እንዳዘዘው ሳያስበው ንግግሩን አቆመ፤ ያ እጅ ሲነሣ አሥር ዓመት ያቆመ ሰው ነው።

"በይ ተናገሪ" አለች ዱርሲቱ። "ነገሩን አስቀድሚ።"

ቢታንያ ትንፋሿን ሳበች። "ያንን አነጋገር ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጆቹ መሠልጠን ያለባቸው እታች ጩኸቱ ውስጥ ነው። የሚያውቀው ሰው ደግሞ እሳቸው ናቸው። ይቆዩ።" ስትጨርስ ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ስምዖን ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። "ድምፅ ነበረሽ ለካ" አለ። ከዚያ ወደ ዱርሲቱ ዞሮ፣ "ይሁን። ቆዪ። ግን ሥልጠናው እታች ከሆነ እንደ ሰዉ መቆም ነው" አለ።

"ማን አለ?" አለች ዱርሲቱ።

መልሱን አልጠበቀችም። ወደ ማሠልጠኛው ክፍል ሄደች፣ ወንበሩን አንሥታ ጭንቅላቷ ላይ ገለበጠችውና፣ በየደረጃው እያረፈች ወረደች። ማበጠሪያ ክፍል ከተሠራ ጀምሮ ወንበር ገብቶበት አያውቅም። ከግድግዳው ጥግ፣ ስድስቱም ማሽን ከሚታይበት ቦታ አኖረችና ተቀመጠች።

ወንዳፍራሽ መጥቶ አጎነበሰ። "ማን ፈቀደልሽ?"

ዱርሲቱ አልሰማሁም ብላ ጆሮዋን አሳየችው። ሰምታለች።

በዚያው ሳምንት ሁለተኛው ማሽን ላይ ጨርቅ ታጠፈ። ኡርጂ ካለችበት አልተነቃነቀችም፤ እጇን ጨብጣ አነሣች። ወንዳፍራሽ ሮጦ አቆመው። ግማሽ ሜትር እንኳ አልተቀደደም። ግንባሩን እየጠረገ ወደ ወንበሩ መጣ።

"ይቺ ልጅ ደግሞ አሁን ይቅርታ እንኳ አትልም!"

"ትበልህ እንዴ?" አለችው ዱርሲቱ በዚያ በትልቁ ድምፅዋ። "ማሽኑን አስነሣና ይቅርታዋ እስኪያልቅ እንጠብቃት።"