ኪስ ውስጥ የቀረው ፊውዝ

"ኧረ ፍጠን! ሰው ይጠብቀኛል እኮ!" ሹፌሩ ከመሪው ሳይነሳ ጮኸ።

ኤሌክትሪሺያኑ በአምቡላንሱ ኮፈን ስር አንገቱን ደፍቶ ቀዩን ሽቦ ከባትሪው ጋር ያስራል። ሽቦው ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ብረት በቀዳዳ አልፎ፣ ሹፌሩ ፊት ለፊት እስከተገጠመው አዲስ የመገናኛ ሬዲዮ ይደርሳል።

"አንዴ ልሞክረው፣ ጋሼ።"

ሹፌሩ የኤሌክትሪሺያኑ ታላቅ እህት ባል ነው። ከችኮላው የተነሳ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "ንፋስ" ይለዋል። "የሚስቴ ወንድም ነው፤ እጁን እመኑት" ብሎ ኃላፊውን ያሳመነውም እሱ ነበር። ይህ ሥራ ካማረ የሌሎቹን አምስት መኪኖች አሮጌ ሬዲዮ የሚቀይረው ኤሌክትሪሺያኑ ነው። ከዚያም ቋሚ ቅጥር ይከተላል።

ሬዲዮው በራ።

"ይሰማል! በል ዝጋው!" አለ ንፋስ። "ምጥ የያዛት ሴት ናት የምትጠብቀኝ። ልጁ እንዳንተ የሚንቀራፈፍ መሰለህ?"

ኤሌክትሪሺያኑ እየሳቀ ኮፈኑን ዘጋ። አምቡላንሱ አቧራውን አስነስቶ ወጣ።

የርክክቡን ወረቀት ሊፈርም እስክሪብቶ ፍለጋ እጁን ደረት ኪሱ ሲከት ጣቱ ፊውዙን ነካ።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ለሙከራ ብሎ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አስሮት ነበር። ፊውዙን በኋላ ሊያስገባው አስቦ፣ ኮፈኑን ዝጋ ሲባል ዘጋ። ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠርዝ ስለታም ነው። መንገዱ ኮረኮንች ነው። ሽቦው ከብረቱ ጋር ተፋትጎ ሽፋኑ ከተላጠ፣ ኃይሉን የሚያቋርጥ ነገር የለም፤ መኪናው በእሳት ይያያዛል።

"ምንም ላይሆን ይችላል" አለ ለራሱ። እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ስልክ ደወለ፤ እዚያ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም። ሮጦ ሬዲዮ ክፍል ገባ።

"ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል" አለች ኦፕሬተሯ።

ነገራት። የሬዲዮውን ማይክ በእጇ ሸፈነች።

"እዚህ የምትናገረውን አምስቱም ሹፌሮች ይሰሙታል። ኃላፊውም አጠገባችን ነው፤ ሬዲዮውን ከፍቶ ነው የሚውለው። እኔ ዝም ብዬ 'ተመለስ' ልበለው?"

ኤሌክትሪሺያኑ ፊውዙን በጣቶቹ መካከል አገላበጠው። ንፋስ ተመለስ ከተባለ ያንኑ ኮረኮንች እየበረረ ነው የሚመለሰው።

"እኔው ልንገረው" አለና የማይኩን ቁልፍ ተጫነ። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አሁኑኑ አቁም። ሞተሩን አጥፋና ቀዩን ሽቦ ከባትሪው ንቀለው። ፊውዝ ሳላስገባ ነው የለቀቅኩህ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሬዲዮው ይጠፋል፤ አንተ ግን መንገድህን ትቀጥላለህ።"

ሬዲዮው ተንሿሿ።

"እጁን እመኑት ብዬ!" አለ ንፋስ። "ቆይ፣ ለእህትህ ባልነግራት!" ከዚያ የፍሬን ድምፅ ተሰማ።

ኦፕሬተሯ ጥቂት ቆይታ ጠራችው። ደግማ ጠራችው። መልስ የለም።

"ነቅሎታል" አለች ቀስ ብላ።

ከግድግዳው ወዲያ የኃላፊው ወንበር ተንቋቋ። ኤሌክትሪሺያኑ እስኪጠራ አልጠበቀም። ፊውዙን እንደያዘ ሄዶ የኃላፊውን በር አንኳኳ።