በአዲስ ድስት የተቀቀለ አደንጓሬ

እኔ ይመኙሻል ነገር በሆዴ አላሳድርም። የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፤ ባሌ ወንድይፍራውማ ሲመሰክር አፉ አይደርቅም። አንድ ነገር ብቻ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ። እሱም ጎረቤቴ ረህማ ከቤቴ እህል አለመቅመሷ ነው።

ዲላ ውስጥ በአንድ አጥር ነው የኖርነው። ባሏ ነጅሙዲን የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እዮብን ሳምጥ እጄን የያዘችው እሷ ናት፤ ልጁም ከእኔ ጀርባ ይልቅ በእሷ ጀርባ ነው ያደገው። በረመዳን ሳምቡሳ በአጥሩ ላይ ታቀብለኛለች፣ እኔም እዚያው ቆሜ እበላለሁ። እኔ ስሰጣት ግን «ለልጆቹ ልውሰድላቸው» ትልና ከድና ትሄዳለች። እኔ ቤት ከሻይ ሌላ ነገር በአፏ አይዞርም።

ሥጋውን አላነሳም። የእኔን ሥጋ እሷ አትበላም፣ የእሷን እኔ አልበላም። ያደግንበት ነው፣ ማንም ማንንም አይቀየምበትም። ግን አደንጓሬ! አደንጓሬ ምን ሃይማኖት አለው?

ለዚያውም የእኔ አደንጓሬ። ዘሩን ከጨለለቅቱ፣ ከእናቴ ጓሮ ነው ያመጣሁት። በእንሰቱና በቡናው መሃል እተክለዋለሁ፤ ቀይ አበባውን አንዠርግጎ አጥሩ ላይ ይወጣል፤ ፍሬው ሲደርስ አውራ ጣት ያክላል። ግማሹ ሐረግ በረህማ በኩል ይወርዳል። እሷ ደግሞ ለቅማ፣ አንድ ፍሬ ሳታስቀር፣ በአጥሩ ላይ ትመልስልኛለች። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ቀቅሎ ይበላው ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ በልታልኛለች። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነበር። እሷ ሒባን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። አማቴ እማማ ፀሐይወርቅ አስጠሯትና እኔን አደንጓሬ አቅርቢ አሉኝ። እሳቸው ጥርሳቸውን ስለሚያማቸው አይበሉም፤ ቁጭ ብለው ያያሉ እንጂ። «እንግዳዋ ካስተረፈች ሙያሽን አየሁት ማለት ነው» አሉኝ፣ እሷው ፊት። ሰሃኑን አስቀምጬ ጥግ ያዝኩ። ረህማ ግን ሰሃኑን ጥርግ አድርጋ በላች፣ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። አማቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ በወጤ ገብተው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ግን ረህማ እርም አለች። የሆነ ሰው መክሯታል ብዬ ደመደምኩ፤ የክርስቲያን ድስት ሥጋ የተሠራበት ነው፣ አደንጓሬም ቢቀቀልበት ያው ነው ያላት ሰው አለ። ማን እንደሆነ እንኳ በሐሳቤ መርጬ ስረግመው ኖርኩ። እሷን ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ አደንጓሬው ሲደርስ፣ ረህማ አጥሩ ጋ ቆማ «ልንሄድ ነው» አለችኝ። የነጅሙዲን አባት ቡታጅራ ውስጥ ብቻቸውን አርጅተዋል፤ ቤቱም ሱቁም ተሸጧል። የፊታችን ቅዳሜ ይሄዳሉ። ወደ ቤት ገብቼ ለወንድይፍራው «ከዚህ ቤት ሳትበላ አትሄድም!» አልኩት።

«ኧረ ተያት፣ በሰላም ትሂድ» አለኝ።

«በሰላም የምትሄደው በልታ ነው!»

ገበያ ወጥቼ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛሁ። አዲስ ጭልፋ፣ አዲስ ሰሃን ጨመርኩ። ድስቱን በደንብ አሟሸሁት። ወንድይፍራው አየውና «ይሄ ሁሉ ለአንድ ቀን ምሳ?» አለ። «አዎ፣ ለአንድ ቀን!» አልኩት፣ ወጣልኝ።

አደንጓሬውን ዓርብ ዘፍዝፌ አሳደርኩ። ቅዳሜ በጠዋት የመጀመሪያውን ውኃ አፍልቼ ደፋሁና በሌላ ውኃ ጣድኩት። ጨው ከበሰለ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባበት ይደርቃል። ሦስት ሰዓት ከእሳቱ አልተለየሁም። ከዚያ ሽንኩርት በዘይት አቁላልቼ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሬ ለወስኩት። ቅቤ አልነካም። ቆጮውንም ጋገርኩ፣ ቃሪያ ቆረጥኩ።

ስወጣ መኪናው ተጭኖ አልቋል። የረህማን እጅ ይዤ ጎተትኩ።

«አሁን? ነጅሙዲን እኮ ተነሡ እያለ ነው!»

«ይጠብቃላ! አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅሁ እኔ አለሁ።»

አስቀመጥኳት። ሰሃኑን ፊቷ አድርጌ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፦ «ድስቱ አዲስ ነው፣ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ጭልፋውም፣ ሰሃኑም አዲስ ነው። በዘይት ነው የሠራሁት። አሁን ምክንያት የለሽም፣ ብይ።»

ረህማ ድስቱን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ አንድ ፍሬ አንሥታ በሁለት ጣቶቿ ጫን ጫን አደረገችው።

ደሜ ፈላ። «ምንድን ነው የምትመረምሪው? አዲስ ነው አልኩሽ እኮ!»

«ድስቱን ማን አነሣ፣ ይመኙ? መብሰሉን ነው የማየው።»

«መብሰሉን?!» እኔን፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ድግስ ሲኖር የሚጠራኝን!

ፍሬው በጣቶቿ መሃል ድቅቅ አለ። «ቢስሚላህ» ብላ በላችው። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

ያን ቀን ያቀረብኩላት አደንጓሬ ጥሬ ነበር። ላዩ ወዝቷል እንጂ ውስጡ ከጥርስ ጋር ይጋጫል። እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ አማቴ ቶሎ ቶሎ ይሉኝ ነበር፣ እኔም ከፍርሃቴ ብዛት ሳልቀምስ ነው ያወጣሁት። ረህማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጎርስ አውቃዋለች። ግን አማቴ ዓይናቸውን ተክለውባታል፣ እኔ ጥግ ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ። ስለዚህ ሁሉንም በላችው። ሦስት ቀን አስመለሳት። በሆዷ ያለችው ሒባ ልትሞት ነው ብላ አለቀሰች። ነጅሙዲን «ሁለተኛ እዚያ ቤት እህል እንዳትቀምሺ» ብሎ አስማላት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አማትሽ በሕይወት እያሉ እንዴት ልንገርሽ? ይጫወቱብሽ ነበር እኮ። ከዚያ ደግሞ ቆየ። ሲቆይ አፍ ይከብዳል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።»

«ይነቅዛል እንጂ! አሥራ ስምንት ዓመት ስነቅዝ ነው የኖርኩት! ናቀችኝ፣ ድስቴን ተጸየፈችው እያልኩ!»

ረህማ መብላቷን አቆመች። «ድስትሽን? እኔ ድስትሽን?» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ታዲያ እንዲህ ስታስቢ አንድ ቀን አትጠይቂኝም ነበር?»

ለነገር የማልሰንፍ ሴትዮ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ነጅሙዲን ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ፣ በሦስተኛው ራሱ መጣ። ደጃፉ ላይ ሆኖ ሚስቱ ስትበላ ሲያይ ክው አለ። «በስሏል፣ ግባ» አለችው። ገባ፣ እሱም አንዱን ፍሬ በጣቱ ጫን አደረገው። ከእንባዬ መሃል ሳቄ አመለጠኝ። ቁጭ አለና ለሦስት በላን። ረህማ ሁለተኛ ሰሃን፣ ከዚያም ሦስተኛ አስጨመረች። አማቴ የሉም፣ ማንም አላስገደዳትም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሄዱ። መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ቆሜ አየሁና ገብቼ ሰሃኖቹን አነሣሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ነበረች። ቤቴ እህል የቀመሰችው ሁለት ቀን ነው፤ አንዱን ቀን ለእኔ ብላ ጥሬ በልታለች።